ሦስት ጊዜ «አንድ» የጻፉ ሰዎች

ከዚህ ወር ጀምሮ ሥራዬ በእስራኤሏ አሽዶድ ከተማ ሰሜናዊ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ በአንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ መቁጠር ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊትም እዚያው ቀጠና፣ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ በሚገኝ ሌላ መጋዘን ያንኑ ሥራ እሠራ ነበር። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ያሳለፍሁት ሰዎች ድምፅ ሲሰጡ በማየት ነው። ጡረታ አልወጣሁም፤ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ያ ሥራ ግን አልቋል። ዝርዝሩ ከእጄ ሳይወጣ ልጻፈው ብያለሁ።

አንባቢ አስቀድሞ ቢያውቀው የምወደው ነገር አለ። ይህን የምጽፈው እየቀናሁ ነው። ስለዚህ የቀናሁበትን ሰው በተናገርሁበት ቦታ ሁሉ እውነቱን መጻፌን ሁለት ሁለት ጊዜ አይቻለሁ።

ከሠራዊት እንደወጣሁ በተቀጠርሁበት መጋዘን ሠራተኞች የራሳቸውን ኮሚቴ፣ እኛ ቫአድ የምንለውን፣ ሊመርጡ ነበር። ምርጫውን ለመመልከት አንዲት የፖለቲካ ሳይንስ ፕሮፌሰር መጡ። አጭር፣ ሽበታቸውን የማይቀቡ ሴት ናቸው፤ ስማቸው ሩት ነው። በዕብራይስጥ ሁሉም «ሩት» ብቻ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። በአማርኛ ስጽፍ ግን «እሷ» ለማለት እጄ እምቢ ይለኛል።

ወረቀቶቹ ሲነበቡ ከካርቶኖቹ አጠገብ ቆሜ ነበር። ጥጉ የተቀደደ አንድ ወረቀት ሰባተኛ ላይ ተነበበ፤ ያው ወረቀት ሃያ ስድስተኛ ላይ እንደገና ተነበበ። ተናገርሁ። ሳቁብኝ። ሲፈትሹ ልክ ሆነ፤ አሸናፊው ግን አልተለወጠም። ፕሮፌሰሯ ወደ እኔ መጡ።

«ውጤቱን እንደማይለውጥ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተናገርህ?»

«ሁለት ጊዜ ስለተነበበ።»

በሦስተኛው ሳምንት የመስክ ረዳታቸው ሆንሁ። ክፍያው በሰዓት ነበር፤ በየወሩ መጨረሻ የምሞላው ቅጽ ነበረ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የፕሮፌሰር ሩት የዕድሜ ልክ ጥያቄ አንድ ነበር፦ ብዙ ሰው አንድ ነገር እንዴት ይወስናል? በወጣትነታቸው ኪቡጽ በሚባል የኅብረት እርሻ መንደር ተቀምጠው እጅ ሲወጣ አይተዋል፤ ማን እጁን ከማውጣቱ በፊት ማንን እንዳየ ይጽፉ ነበር። ከዚያ የፓርቲ ስብሰባ፣ የምኩራብ ጉባኤ፣ የሠራተኛ ማኅበር። ሁሉም በሣጥን በሣጥን ተቀምጧል፤ በእያንዳንዱ ሣጥን ማስታወሻ ደብተርና የድምፅ ቅጂ አለ። ዲግሪ የለኝም። ትምህርቴ እነዚያ ሣጥኖች ነበሩ። በየቀኑ ሥራ ከማለቁ በፊት አንድ ደብተር አነብ ነበር፤ ያልገባኝን የስታቲስቲክስ ነገር ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እያወጣሁ ተማርሁ። ከኢትዮጵያ የመጡትን የሽማግሌዎቻችንን ንግግር ቃል በቃል ለመጻፍ ስል ፊደልንም ራሴ አጠናሁ፤ እዚሁ አገር ተወልጄ እስከ ሃያ ሁለት ዓመቴ የአማርኛ መስመር አንብቤ አላውቅም ነበር።

በመጀመሪያው የሙቀት ወራት ሥራዬ በአሽዶድ የባሕር ዳርቻ ነበር። ማታ ማታ ቤተሰቦች ምንጣፍ ይዘው ሲመጡ፣ የት እንደሚቀመጡ ማን እንደሚወስን እንድጽፍ ላኩኝ። አባትየው በእጁ ይጠቁማል፤ እናትየው «እዚያ ነፋስ አለ» ትላለች፤ ይከራከራሉ፤ በመጨረሻ ሴት ልጃቸው ቦርሳውን ያስቀመጠችበት ላይ ይቀመጣሉ። በእጅ የተጠቆመውን ብቻ ብጽፍ ኖሮ አባትየው ወሰነ እል ነበር። ፕሮፌሰሯ ደብተሩን ሲያዩ «አሁን ማየት ጀመርህ» አሉኝ። ያን ቀን ወደ ቤት በእግሬ ተመለስሁ፤ አውቶቡስ ላይ ከሰው ጋር ማውራት አልፈለግሁም።

ከእሳቸው የወሰድሁት ልማድ ብዙ ነው። ቆጠራ ሲጀመር ቀለበትና ሰዓታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ እርሳስ በቀር እንዲቀር አይፈቅዱም። የሚያነበው አይጽፍም፤ የሚጽፉት ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ። ሕጉን ያልጠበቀ ወረቀት፣ ሌላው «ፓሱል» ማለትም ውድቅ የሚለው፣ ወደ ቡናማ ፖስታ ይገባል፤ ፖስታው ላይ ግን «ያልገባን» ብለው ይጽፋሉ። ቃለ መጠይቅ ሲጨርሱ ደግሞ «ምን ሳልጠይቅዎ ቀረሁ?» ይሉና ዝም ይላሉ። ዝምታው አንዳንዴ ሁለት ደቂቃ ይሆናል። ቆጠራውን ከሁሉ በላይ ቻልሁበት። ዝምታው ላይ ግን እየፈራሁ ሌላ ጥያቄ እጨምር ነበር።

እንዲህ ስምንት ዓመት ሠራን። ሮቫ ሄ በሚባለው የአሽዶድ ሰፈር ባሉ ሕንጻዎች ነዋሪዎች ስለ ደረጃ ቀለም፣ ስለ ጓሮ በር ሲሟገቱ ሰማሁ። በኋላ ፕሮፌሰሯ ወደ እኛ ማኅበረሰብ ዞሩ፤ ሽማግሌዎች እንዴት እንደሚወስኑ ማወቅ ፈለጉ። የአሽዶድ ሣጥኖች የምንላቸው ስድስቱ በዚያን ጊዜ ተጀመሩ፤ አብዛኛው ጽሑፍ የእኔ እጅ ነው። ጡረታቸው እየቀረበ ነበር። ከእሳቸው በኋላ እነዚያን ሣጥኖች ይዞ ሥራውን የሚቀጥለው ሰው እኔ መሆን ፈለግሁ። ሌላ ነገር አልፈለግሁም።

በዘጠነኛው ዓመት ያሬድ መጣ።

ዶክቶራቱን የሚሠራ ተማሪ ነበር፤ ረጅም፣ ሁልጊዜ የሚዘገይ፣ የገጽ ቁጥር የማይጽፍ። ያደገው በሰሜን ነው፤ አማርኛው እንደ ተሰበረ ወንበር አንድ እግር የጎደለው ነበር። የመጀመሪያ ቀን ገብቶ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«ኤልያብ አንተ ነህ? ሩቲ ገደለችኝ እኮ። ‹ኤልያብ እንዲህ አያደርግም፣ ኤልያብ እንዲያ አያደርግም›። ሰውየው ሚስቷ ነው ወይስ ረዳቷ አልሁ።»

«ባሏ» አልሁት።

«ምን?»

«ወንድ ባል ነው።»

ሳቀ። ፕሮፌሰሯም ሳቁ። ስምንት ዓመት ሠርቼ እንደዚያ አስቄያቸው አላውቅም። «ሩቲ» ብዬም ጠርቻቸው አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍላቸው ያሉትን ሁለት ወንበሮች ማየት ጀመርሁ፤ የእኔ በሩ አጠገብ፣ የእሱ መስኮቱ አጠገብ ነበር። ማንም ቦታ አልመደበልንም፤ እኔ ራሴ ከበፊቱ በሩ አጠገብ ነበርሁ። ቢሆንም አየሁት። በእሱ ረቂቅ ኅዳግ ላይ ስንት መስመር እንደሚጽፉና በእኔ ላይ ስንት እንደሚጽፉ ቆጠርሁ። የእኔ ንጹሕ ስለሆነ የሚጻፍበት አልነበረውም፤ በዚያም ቀናሁ።

አሁን ወደ ስሕተቴ እመጣለሁ።

በሮቫ ሄ የኛ ሰዎች ዕድር አለ። ልቅሶ ሲሆን ድንኳንና ወንበር ያመጣል፣ ሰባቱን የሐዘን ቀን ሐዘንተኛውን አይለይም። የዕድሩ ሰብሳቢ ታመሙና ይቅርብኝ አሉ። ወጣቶቹ አባላት «በድምፅ ይሁን» አሉ፤ ድምፅ የሚያጠናው ልጅ ያስመርጠን ብለው ወደ እኔ መጡ። ፕሮፌሰር ሩት ለአንድ ወር ውጭ አገር ነበሩ። «እኛ እናያለን እንጂ አንመራም» የሚለው የሥራው ሕግ ነው፤ አውቀዋለሁ። ያሬድ በዚያ ሳምንት ስኮላርሺፕ ማግኘቱን ሰምቼ ነበር። እሺ አልኋቸው።

ዕጩዎቹ ሦስት ነበሩ። አባ አዳነ በዕድሜ ታላቁ ናቸው፤ እኔ በምኖርበት ሕንጻ ከእኔ ሁለት ፎቅ በላይ ይኖራሉ። አባ ዘውዴ ንግግር የሚያውቁ ሰው ናቸው። ወይዘሮ ያልጋነሽ የአረጋውያን ተንከባካቢ ናት፤ የዕድሩን ሥራ በእውነት የምትሠራው እሷ ነበረች። ሦስት ስም ያለበት ወረቀት አዘጋጀሁ። መራጩ በጣም የሚፈልገው ስም አጠገብ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት ይጽፋል። ለትንሽ ማኅበር ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም ብዬ አምን ነበር።

እማ ስንዱ ወረቀቱን ይዘው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ። ሰማንያ ያለፉ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ሦስቱን ሰዎች እንደ መሰላል ላቁማቸው ነው የምትለኝ?»

«አይደለም እማ። የሚወዱትን አንድ ይበሉ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት።»

«ሦስት ያልሁት ሰው ነገ ለቅሶዬ አይመጣም?»

«ይመጣል እንጂ። ማን እንደጻፈ አይታወቅም፣ ምሥጢር ነው።»

«ከማን ነው ምሥጢር? እኔ አውቀዋለሁ።»

ከኋላቸው የቆሙት ሽማግሌ «እሱ እኮ መንግሥት ነው፣ አትከራከሪው» አሏቸው፤ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እማ ስንዱ በሦስቱም ስም አጠገብ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ብለው ጽፈው አጠፉት። አየሁ። ንግግራቸውን ደብተሬ ላይ አልጻፍሁትም። ስለ ሕጉ ያልገባው ሰው ጥያቄ ነው ብዬ አለፍሁት።

ስንቆጥር ከሰባ ሦስቱ ወረቀት ሠላሳ አንዱ እንደዚያው ነበር፤ ሦስት ጊዜ አንድ። ወረቀቶቹን ሲያነብ የነበረው ልጅ «እነዚህንስ?» አለኝ። «ፓሱል» አልሁ። ቡናማ ፖስታ አልነበረኝም፤ የሱቅ ፌስታል ውስጥ ከተትኋቸው። የቀረውን በጥንቃቄ ደመርሁ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ማይክሮፎን ያዝሁና እንደ ተማርሁት ውጤቱን ሙሉውን አነበብሁ፦ አባ ዘውዴ አንደኛ፣ ወይዘሮ ያልጋነሽ ሁለተኛ፣ አባ አዳነ ሦስተኛ፤ የእያንዳንዳቸውን ነጥብም ጨምሬ።

አባ አዳነ ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉና ወጡ። ማንም ሊከተላቸው አልደፈረም። አባ ዘውዴ ወንበሩን አልቀበልም አሉ። «ታላቄ ሦስተኛ ተብሎ ከተነበበበት ቤት ወንበር አልወስድም» አሉ። ዕድሩ አምስት ወር ያለ ሰብሳቢ ቆየ። አባ አዳነ ለአንድ ዓመት ልቅሶ ቤት አልታዩም፤ በልቅሶ ቤት ያልታየ ሽማግሌ እንዴት እንደሚታይ የኛ ሰው ያውቃል። በደረጃው ላይ ስንተላለፍ ሰላም ይሉኛል። እኔ አንገቴን አቀረቅራለሁ። ሁለት ፎቅ ወጥቼ በራቸውን አላንኳኳሁም።

ፕሮፌሰሯ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኋቸው። አልተቆጡም። «ወረቀቶቹ የት ናቸው?» አሉ። ፌስታሉን ሰጠኋቸው። ሠላሳ አንዱን አንድ በአንድ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ ልዩነት እንዳለው ሁሉ ቀስ ብለው አዩት። ከዚያ ለያሬድ አቀበሉት። እጃቸው ከእኔ ፊት ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሲሄድ የቀናሁትን ያህል በሕይወቴ ቀንቼ አላውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ቤቴ ተቀምጬ ከደረጃው ላይ የያሬድን ሳቅ ሰማሁ። ከአባ አዳነ ቤት ነበር። በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «አንድ አንድ አንድ ማለት ምንድን?» ብሎ ጠይቋቸው ኖሯል። ቅጂውን በኋላ ሰምቼዋለሁ። አባ አዳነ መጀመሪያ ቋንቋውን ያርሙታል፤ «ምንድን ነው በል፣ ነውን የት ጣልኸው?» ይሉታል። ከዚያ ያሬድ ዝም ይላል። እኔ የማልችለውን ዝምታ፣ ሳያውቀው፣ ቃል ስላጠረው ዝም ይላል። አባ አዳነ ይቀጥላሉ። በሽማግሌ ሸንጎ ሰው ከሰው አይመዘንም፤ ወጣ ብለው ይመክራሉ፣ አንዱ ስም ሲጠራ ሌሎቹ ዝም እስኪሉ ድረስ ይቆያሉ። ስሙ ያልተጠራው ሰው እንደተነሣም እንደተጣለም አይሰማም። ሦስት ጊዜ አንድ የጻፈ ሰው ድምፅ ነፍጎ አይደለም፤ ሦስቱም ተስማምተው ያምጡልኝ ማለቱ ነው።

የያሬድ ዶክቶራት ከዚያ ተሠራ። መግቢያው ላይ ምስጋናውን በእኔ ስም ጀመረ፤ ወረቀቶቹን ማን እንዳዘጋጀና እንዳቆየ በግልጽ ጻፈ። ቢተወው ኖሮ ልጠላው እችል ነበር። አልተወውም። ቅናቱ ብቻ ቀረልኝ፤ ያለ ጥላቻ የሚቀና ሰው ደግሞ የሚያወራው ሰው የለውም።

ዕድሩ በራሱ መንገድ ተስተካከለ። አባ ዘውዴ አባ አዳነ ቤት ሄደው፣ ሁለቱ መክረው፣ ያልጋነሽን ጠሩ። አሁን ሰብሳቢዋ እሷ ናት።

ፕሮፌሰር ሩት ጡረታ ሲወጡ ሌሎቹን ሣጥኖች ዩኒቨርሲቲው ወሰደ። ስድስቱ የአሽዶድ ሣጥኖች ቀሩ። በክፍላቸው ሦስታችን ሆነን ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«ለማን ይሰጣሉ?»

«እኔ አልወስንም። ድምፁ የሰዎቹ ነው፤ እነሱ ይወስኑ። ከሁለታችሁ ለአንዳችሁ።»

«በወረቀት?» አለ ያሬድ፤ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«በእነሱ መንገድ» አሉ።

ዓርብ ጠዋት ሽማግሌዎቹና የዕድሩ ሰብሳቢ በማኅበረሰቡ ማእከል ትንሽ አዳራሽ ተቀመጡ። አሥራ አንድ ነበሩ፤ አባ አዳነም መጡ። እኔና ያሬድ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቅን። እሁድ፣ የዚህ አገር የሥራ ሳምንት በሚጀምርበት ቀን፣ በአዲሱ መጋዘን ሥራ ልጀምር ቀጠሮ ነበረኝ፤ ሣጥኖቹን ባገኝ ከሥራ በኋላ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ልሠራባቸው አስቤ፣ ቤቴ ውስጥ መደርደሪያም ለክቼ ነበር።

«ስንት ለስንት ይመስልሃል?» አልሁት።

«ቁጥር የለውም እኮ ኤልያብ።»

«ሁልጊዜ ቁጥር አለ። አይነገርም እንጂ አለ።»

«ላንተ ከሆነ እየመጣሁ አያለሁ፣ ታስገባኛለህ?»

«አስገባሃለሁ።»

«ለእኔ ቢሆንስ፣ ትመጣለህ?»

«አልመጣም።»

«እውነቱን ተናገርህ» አለና እግሩን ዘርግቶ ወደ ጣሪያው አየ።

አርባ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ያልጋነሽ በሩን ከፍታ ጠራችን። አባ አዳነ ተናገሩ። ስለ አባቴ አነሡ፣ ከአዲስ አበባ በመጡበት አውሮፕላን አጠገባቸው እንደተቀመጠ። ስለ እጅ ጽሑፌ አነሡ፣ ዓይናቸው እየደከመ እንኳ እንደሚያነቡት። «የኛን ቃል ያለ መጨመር ያለ መቀነስ የጻፈ ልጅ ነው» አሉ። መረቁኝ፤ ሁሉም አሜን አሉ። ከዚያ «ሣጥኖቹ ያሬድ ጋ ይሁኑ» አሉ። አሥሩም ዝም አሉ። ያሬድ ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

ሁለት ብቻ ነበርን። ሁለተኛ መሆኔን ግን ማንም አልነገረኝም።

ከአባ አዳነ ጋር ወደ ሕንጻችን አብረን ተመለስን። ሊፍት የለውም። እየቆሙ ነው የሚወጡት፤ የእኔ ፎቅ ላይ ስንደርስ ግድግዳውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«አባ፣ ያን ቀን በማይክሮፎን ያነበብሁት...»

«አውቃለሁ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። ዛሬ መጥቼ የለም እንዴ።»

መሰናበት ነበረብኝ። አልቻልሁም።

«አባ፣ ዛሬ ስንቶቹ ለእኔ ነበሩ?»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ለማወቅ ነው።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። በዚያ ጊዜ ሌላ ጥያቄ አልጨመርሁም።

«ልጄ» አሉ፣ «እኔ ቁጥሬን ካንተ አፍ ሰምቼ ዓመት ሙሉ ልቅሶ ቤት አልሄድሁም። አንተ እሁድ ሥራ አለህ።»

የቀረውን ሁለት ፎቅ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ወጡ። በራቸው ሲዘጋ እስክሰማ ድረስ ቆምሁ። እስካሁን እገምታለሁ፤ ሰባት ለአራት፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ስድስት ለአምስት ይመስለኛል። ያሬድ ሁለት ጊዜ ደውሎልኛል፤ ደብተር ላይ ማንበብ ያቃተው ቃል ነበር፣ ነገርሁት። ልይ አላልሁም።

እሁድ ሥራ ገባሁ።